የአንዷ ላብ፣ የአምስቱ ድርሻ

ከጅዳ የተላከው ገንዘብ ኮምቦልቻ በደረሰ ቀን እናት ከባንክ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት በእግራቸው ነው። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ለማከፋፈል ግን ይበቃል። የትልቁ ልጅ ባጃጅ ጎማው አልቋል፤ ካልተቀየረለት ሥራ መፍታቱ ነው። የሦስተኛዋ ልጅ ባል ከፋብሪካ ከተቀነሰ ወራት አልፈዋል፤ አከራይዋ ኪራይ ፍለጋ ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተዋል። አራተኛው የኮሌጅ ክፍያ አለበት። አምስተኛው ገና እሳቸው ጋር ነው፤ የሱ ጫማ ወደሚቀጥለው ወር ቢገፋ ይታገሣል። የተረፈው ለሲሚንቶ ይሆናል። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ገና ከመቀነታቸው አንድ ብር ሳይወጣ ሁሉም ድርሻውን አግኝቷል።

ገንዘቡን የላከችው ሁለተኛዋ ልጅ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለችም። ጎረቤት «ለእሷስ ምን አስቀመጡላት?» ብትላቸው መልሳቸው ዝግጁ ነው። «እሷማ እየሠራች አይደል? አላህ ይጨምርላት!» ይሉና ከልባቸው ይመርቃሉ። ምርቃታቸው እውነተኛ ነው። ሌሊት ተነሥተው ዱዓ የሚያደርጉት ለዚችው ልጅ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። በወሎ፣ ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ባሉ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ከሚሰማው ብዙ ታሪክ አንድ ላይ ያሰባሰብሁት ነው፤ ስለዚህ ለማንኛቸውም ስም አልሰጠሁም። ወላጆች ለአቅመ አዳም ለደረሱ ልጆቻቸው ገንዘብ እንዴት ያከፋፍላሉ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሀብት ነው። በእኛ አገር ስንትና ስንት ቤት ግን ገንዘቡ ከአንድ ልጅ ተነሥቶ ወደ ወላጅ ይወጣና ከወላጅ እጅ ለሌሎቹ ልጆች ይወርዳል። አከፋፋዩ ወላጅ ነው፤ የሚከፋፈለው የአንዷ ልጅ ጉልበት ነው። አባት ወይም እናት በሕይወት እስካሉ ድረስ ይህን ለይቶ የሚያየው የለም። የሚለየው ውርስ ሲነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመለየት የሚያስችል ማስረጃ በቤቱ ውስጥ አይገኝም።

ወሎ ለዓረብ አገር መንገድ እንግዳ አይደለም። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ዱባይ ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ልጅ፣ እኅት ወይም አክስት የሌለችበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉዞውን ሲያግድ መንገዱ አልተዘጋም፤ በጅቡቲና በየመን በኩል መሄድ ቀጠለ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ ቦሌ የወረዱት ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይዙ ነበር። ተመላሽዋ በፌስታል ይዛ የመጣችውን ትንሽ ዕቃ ጥግ ላይ አስቀምጣ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የላክሁት የት ደረሰ?

መልሱ ብዙ ጊዜ ስርቆት አይደለም። ገንዘቡ ተበልቷል፤ በሕክምና፣ በኪራይ፣ በትምህርት ቤት፣ በሠርግና በለቅሶ። አለ፤ በባጃጅና በግድግዳ። ግን የሷ ሆኖ የተቀመጠ የለም።

የእናቲቱን አከፋፈል አድልዎ ማለት ስሕተት ነው፤ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ። እሳቸው የሚያዩት ማንን አብልጠው እንደሚወዱ ሳይሆን ዛሬ ማን እንደቸገረው ነው። ልጆች ደግሞ እኩል አይቸገሩም። አንዱ ሊያገባ ነው፣ አንዷ ወልዳ ተኝታለች፣ ሌላው ከሥራ ወጥቷል። አምስቱን እኩል ልስጥ የምትል እናት ለጠገበው ጨምራ የራበውን ታስርባለች። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይም አይደለም። በአሜሪካ ካትሊን ማክጋሪና ሮበርት ሾኒ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ይበልጡን ገንዘብ የሚሰጡት ገቢው ላነሰው ልጅ መሆኑን አሳይተዋል። ፖል ሜንቺክ ደግሞ የኮነቲከትን ግዛት የውርስ መዝገቦች መርምሮ በ1980 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ወላጆች ሲሞቱ ሀብታቸው በአብዛኛው ለልጆቻቸው እኩል ይከፈላል። በሕይወት እንደ ችግሩ፣ በሞት እኩል ማለት ነው። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱም አከፋፈሎች ትክክል ይመስላሉ። ለሃያ ዓመት እንደ ችግሩ ሲታደል የኖረ ገንዘብ በአንድ ቀን እኩል ሲቆረጥ ግን ሁለቱ ይጋጫሉ።

በእኛዋ ቤተሰብ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ችግር የሚለካው በሚነገረው ነው፤ የጅዳዋ ልጅ ችግሯን አትናገርም። በኢሞ ስትደውል ፊቷን ወደ መብራት አዙራ ነው። አሠሪዋ የሁለት ወር ደመወዝ እንደያዘባት፣ ጀርባዋን እንደሚያማት፣ የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው ክፍል እንደሆነ እናቷ ዘንድ አይደርስም። «ደህና ነኝ እማ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ» ትላለች። እናቲቱም ያምኗታል። ወንድሞቿና እኅቷ ችግራቸውን በየቀኑ ይዘው ሳሎን ይገባሉ፤ የሷ ችግር ባሕር ማዶ ይቀራል። እንደ ችግሩ የሚለው አከፋፈል ያልተነገረውን ችግር አያይም፤ ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ የደከመችው ከሁሉ የተሻለች ተብላ ትቆጠራለች።

ጉልማና ማጫ

ቀድሞ እንዴት ነበር? በአማራው የርስት ሥርዓት ወንድም ሴትም ከአባትም ከእናትም ወገን መሬት የመጠየቅ መብት ነበራቸው። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለን ሆበን ጎጃም፣ ዳሞት ውስጥ ይህን አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ መብቱ ሰፊ ቢሆንም መሬቱን በእጅ ማግባት ሌላ ነገር ነበር። ተከራካሪነት፣ ሰው ማወቅ፣ ከመሬቱ አጠገብ መኖር ይጠይቅ ነበር። አባት በሕይወት ሳለ ደግሞ ለጎረመሰው ልጁ ጉልማ ይቆርጥለታል፤ ልጁ ከወላጆቹ ጋር እየኖረ ለራሱ የሚያርሳትን ማሳ። ሲያገባ ማጫው በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ይነገራል፤ ይህን ያህል ከብት፣ ይህን ያህል እህል ተብሎ።

ያ ሥርዓት ለሁሉም ይመች ነበር አልልም። ማርሴል ፋፍሻምስና አግነስ ኪሱምቢንግ በ1997 እ.ኤ.አ. ከ15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው ባደረጉት ጥናት፣ ወንዱ ወደ ትዳር ይዞት የሚመጣው ንብረት ሴቷ ከምትይዘው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ሴት ልጅ ከአባቷ ማሳ ርቃ ስትዳር መሬቱን የሚያርሰው ወንድሟ ነበር፤ «የእኅቴ ነው» እያለ ማረሱ ለሷ እህል አይሆናትም።

ሆኖም ያ ስጦታ፣ እኩል ባይሆንም፣ የታወቀ ነበር። ጉልማ ድንበር አላት፤ ድንበሯን ጎረቤት ያውቃል። ማጫ በሰው ፊት ይቆጠራል፤ ከዓመታት በኋላ «ለሱ ሁለት በሬ ሰጥታችሁ ለኔ ጥጃ» የምትል እኅት ብትኖር ምስክር ትጠራለች። ሽማግሌውም «ያኔ ይህን ወስደሻል፣ አሁን ያኛው ለሱ ይሁን» ብሎ ማቻቻል ይችላል። ጧሪ የሆነው ልጅ፣ አባቱን አስታምሞ የቀበረው፣ ጥቂት ሲጨመርለት ሌሎቹ ቢያጉረመርሙም ምክንያቱን ያውቁታል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ በዛ፣ ማሳ ጠበበ፤ ዛሬ የብዙ ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሔክታር በታች ነው፤ ለአምስት ልጅ የሚሸነሸን የለም። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ተለወጠ። ማሳው በባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ፣ በኮሌጅ፣ በሱቅ ዕቃ፣ በኪራይ፣ ለደላላ በሚከፈል ገንዘብ ተተካ። እነዚህ ሁሉ ጥሬ ብር ናቸው። ብር ደግሞ ድንበር የለውም። ድሮ ቢያንስ ከባንክ ወጥቶ በእጅ ይሰጥ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ጭራሽ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። እናት ለአንዱ ሲልኩ አጠገባቸው የተቀመጠው ሌላው ልጅ አያውቅም። ብዙ እናቶች ደግሞ እንዳያውቅ ይፈልጋሉ፤ «ለወንድምህ እንዳትነግረው» የሚሉት ጠብ እንዳይነሣ ነው። ለአራት ልጆች አራት ጊዜ እንዲህ ከተባለ ግን አራቱም «ለሌላው ከኔ የበለጠ ተሰጥቶታል» ብለው ያምናሉ፤ ሐሰት መሆኑን የሚያሳያቸው ነገርም የለም።

እኔ እንደማየው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወላጆች ከድሮው ይልቅ አድሏዊ አልሆኑም። ስጦታው ምስክር አጣ።

«ምን ብለሽ ላክሽ?»

በዚያው በኮምቦልቻው ቤት አባትየው ካረፉ በኋላ፣ ለቅሶው ሲያልፍ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንድ ሸህ፣ የሟች ታናሽ ወንድምና አንድ የሰፈር ሽማግሌ። የጅዳዋ ልጅ መጥታለች። የሚነጋገሩበት ሳሎን በሷ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ አራት ክፍልና በመንገዱ በኩል የሚከራይ ሱቅ። ቦታው ድሮም የአባት ነበር፤ በጭቃ ቤት ፋንታ የብሎኬት ቤት የቆመበት እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ትልቁ ልጅ ቀድሞ ተናገረ። «ቤቱ የአባታችን ነው። ካርታው ላይ ያለውም የሱ ስም ነው።»

«ጣሪያውን ማን አለበሰው? በርና መስኮቱን ማን ገዛው?» አለች።

«ሲሚንቶውን በባጃጅ ያመላለስሁት፣ ግንበኛ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። አባባ ሲታመም ደሴ ሆስፒታል አብሬው ያደርሁትም እኔ ነኝ። ደግሞስ አንቺን ለመላክ ላሟ አልተሸጠችም? የደላላው ብድር በማን ስም ነበር?»

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ለብዙዎቹ ተጓዦች የመጀመሪያው ወጪ ከወላጅ ነው የሚወጣው፤ ከብት ይሸጣል፣ ወርቅ ይያዛል፣ ከዘመድ ይበደራሉ። እንዲህ ሲታይ ወላጆች ለዚችም ልጅ ሰጥተዋል፤ ምናልባትም በአንድ ጊዜ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ። ወንድሞቿ «ያንቺ ድርሻ ያኔ ወጥቷል» ሲሉ ከመሬት ተነሥተው አይደለም። እሷ ደግሞ ላሟን በመጀመሪያው ዓመት ደመወዟ እንደመለሰች ታውቃለች። የላሟ ዋጋ፣ የብድሩ መመለስ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በአንድ የባንክ ደብተር ውስጥ ተቀላቅሎ አልፏል።

ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞረው ጠየቁ። «ልጄ፣ ስትልኪ ምን ብለሽ ላክሽ? ብድር ነው ብለሽ ነው? ቤት ሥሩልኝ ብለሽ ነው? ወይስ ለናትና ላባትሽ ነው?»

«ምን እላለሁ አባባ? "እማ፣ ደረሰሽ ወይ?" ነበር የምለው።»

ሕጉ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ምን ተብሎ ተላከ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ልጆች ቀዳሚ ወራሾች መሆናቸውን፣ ድርሻቸው እኩል መሆኑን፣ ጾታም ዕድሜም ልዩነት እንደማያመጣ ይደነግጋል። ቤቱ ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ነው ከተባለ ግማሹ አስቀድሞ የእናት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ለአምስት ይከፈላል። የጅዳዋ ልጅ እጅ ላይ የሚወድቀው ከቤቱ አንድ አሥረኛ ነው።

ሙስሊም ቤተሰብ በመሆናቸው ሌላም መንገድ አላቸው። ሕገ መንግሥቱ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በዚያ መሠረት ይሠራሉ። በሸሪዓ ልጆች ላሉት ሟች ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወስዳለች፤ የቀረው ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ሆኖ ይከፈላል። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ባሉበት በዚህ ቤት፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የአባት ነው ቢባል፣ ለአንዲት ሴት ልጅ ከ64 እጅ ሰባቱ ይደርሳታል። ከመቶ 11 ገደማ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ ብትሄድ፣ ቤቱን የሠራችው ልጅ ከአንድ አሥረኛ እምብዛም ፈቅ አትልም።

ሁለቱ ሕጎች አንድ ሌላ ነገር ላይም ይስማማሉ፤ ለሷ የሚጠቅማት እሱ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ዕዳ ከውርስ ይቀድማል። ሸሪዓ የሟች ዕዳ ሳይከፈል ድርሻ እንዲነካ አይፈቅድም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከውርሱ ሀብት አስቀድሞ ዕዳ እንዲወጣ ያዛል። የላከችው ገንዘብ ብድር ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ከወንድሞቿ ጋር ለመካፈል ከመቀመጧ በፊት ገንዘቧ ተለይቶ በወጣላት ነበር። ግን በዚሁ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በፍርድ ቤት በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከጅዳ የሚላክ ማንኛውም ገንዘብ ከዚያ በላይ ነው። የባንክ ደረሰኝ ገንዘቡ መድረሱን ያሳያል እንጂ በምን ስም እንደደረሰ አይናገርም። ካርታው ደግሞ በሌላ ወገን ይናገራል፤ ስሙ የሰፈረበት ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል።

ወንድሞቿና እኅቷ የተቀበሉትስ? ሕጉ ልጅ ከወላጁ በሕይወት ሳለ ያገኘው ስጦታ በውርስ ክፍያ ጊዜ የሚታሰብበትን ሥርዓት ያውቃል። ባጃጁ ግን የአባት ስጦታ ነው? ገንዘቡ የእኅት ነው፤ የሰጠው እጅ የእናት ነው፤ የሞቱት አባት ናቸው። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ከወላጅ የሚወርድ ሀብት ነበር፤ ከልጅ ወጥቶ ወደ ልጅ የሚወርደው በመሐል ወድቆ ቀረ።

ሌላም አለ፤ የብር ነገር። ትልቁ ልጅ በመጨረሻ «እሺ፣ የባጃጁን ልመልስ» ቢል የሚመልሰው የትኛውን ብር ነው? በ2007 ዓ.ም. ገደማ አንድ ዶላር 21 ብር አካባቢ ነበር። 1,000 ሪያል፣ በዶላር ወደ 267 ገደማ፣ ያን ጊዜ 5,600 ብር ያህል ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 1,000 ሪያል ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ያኔ የተላከውን 5,600 ብር ዛሬ ቆጥሮ የሚመልስ ወንድም ቁጥሩን መለሰ እንጂ የሷን ወር አልመለሰም። በተቃራኒው ብሎኬቱና ቦታው ዋጋቸው ከብሩ ጋር ወጥቷል። በግድግዳ የተቀመጠው አደገ፤ በቃል የቀረው ረከሰ።

በአዲስ አበባም በሌላ መልክ ይኸው አለ። ጡረታ የወጡ ወላጆች ግቢያቸው ውስጥ ለወንድ ልጃቸው ሰርቪስ ቤት ይሰጣሉ፤ እሱ ያድሰዋል፣ ያገባል፣ ይወልድበታል፤ ሌሎቹ «ለጊዜው ነው» ብለው ያልፋሉ። ዋሽንግተን ያለችው ልጅ የአባቷን የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ትሞላለች፣ ቤቱ በአባት ስም ይወጣል፤ በአባት ስም የወጣ ደግሞ ለሁሉም ነው። የእነዚህን ዝርዝር አልገባበትም፤ ሥሩ አንድ ነው።

ሸሁ ያነሡት ሐዲስ

ከብዙ ክርክር በኋላ ሸሁ በእስልምና ትምህርት የታወቀውን የኑዕማን ኢብን በሺርን ነገር አነሡ። አባቱ ለኑዕማን ብቻ ስጦታ ሰጠው። እናቱ ነቢዩ ካልመሰከሩበት አልቀበልም አለች። አባትየው ለምስክርነት ሲሄድ ነቢዩ ለሌሎቹ ልጆቹም ተመሳሳዩን ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቁት፤ አልሰጠሁም ሲል በልጆቹ መካከል እንዲያስተካክል አዘዙት፤ ስጦታውንም መለሰ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚነገረው ስለ እኩልነት ነው። ሸሁ ያተኮሩበት ግን ሌላ ነበር፤ ነገሩ የተስተካከለው እናትየዋ ምስክር ስለጠየቀች ነው። ምስክር ባይጠየቅ ስጦታው በቤት ውስጥ ተደብቆ በኖረ፣ ልጆቹም ካደጉ በኋላ በተጣሉበት ነበር።

በጎረቤት ግቢ ክርስቲያኖቹም ስለ ጠፋው ልጅ ሲሰብኩ የሚያነሡት ታላቅ ወንድም አለ፤ ከአባቱ ጋር ሲሠራ ኖሮ አንዲት ፍየል እንኳ አልተሰጠኝም ያለው። እሱም ያን እስኪናገር ድረስ አባቱ በልቡ ያለውን አያውቅም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሕጉም ቤትን በተመለከተ እንደ ሸሁ ያስባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ግልጽ ኑዛዜ ደግሞ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ለቤት እንዲህ የተጠነቀቀው ሕግ ቤት የሚሠራበትን ገንዘብ ግን ለቤተሰቡ ትቶታል። ያን ክፍተት የሚሞላው ራሱ ቤተሰቡ ነው፤ የሚያስፈልገውም ትልቅ ነገር አይደለም። የምትልከው ልጅ በስሟ የተለየ ሒሳብ ትክፈት፤ ለቤተሰብ የምትሰጠውን ለቤተሰብ፣ የራሷን ለራሷ ትላክ። ቤት የሚሠራ ከሆነ ግንባታው ሳይጀመር በምን ስም እንደሚሆን አባት፣ እናትና አዋቂዎቹ ልጆች ተቀምጠው ይፈራረሙ። ውክልና ስትሰጥ ለመግዛትና ለመሥራት የሚሰጠውን ለመሸጥ ከሚያስችለው ትለይ። እናት ለአንዱ ሲሰጡ ሌሎቹ እየሰሙ ይስጡ። «ለልጄ ወረቀት ላስፈርም?» የሚል አባት አውቃለሁ፤ እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ማጫ በሽማግሌ ፊት ሲቆጠር ግን አያቱ አልተዋረዱበትም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ አንድ ነገር ላይ ደረሱ። እናት በሕይወት እስካሉ ቤቱ አይሸጥም። የሱቁ ኪራይ ከዚህ ወር ጀምሮ ለሁለተኛዋ ልጅ ይሁን፤ እሷም በስሟ ሒሳብ ትቀበል። ሦስተኛዋና አራተኛው ከእኅታቸው እጅ ያገኙትን አምነው፣ ከድርሻቸው እንዲታሰብ ፈረሙ። ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲጸድቅ ተባለ። ትልቁ ልጅ አልፈረመም።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እናቲቱ ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ የራስዎን ግማሽ ለማን አስበዋል? በሕይወት ሳሉ ይናገሩ።»

እናቲቱ ለሁለተኛዋ ልጅ ልስጣት አሉ፤ ሳይሳቀቁ፣ ልጆቻቸው ፊት። ሸሁ አስረዱ፤ ለወራሽ በኑዛዜ ማድላት የሌሎቹን ወራሾች ፈቃድ ይፈልጋል፣ በሕይወት ሳሉ መስጠት ግን ምክንያቱ ተነግሮ ይቻላል። የሟች ወንድም በበኩላቸው ፍርድ ቤት ያዩትን አከሉ፤ በኑዛዜ አከፋፍለው ሲያልፉ ከሚገባው ድርሻ ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ መቃወም እንደሚችል።

ትልቁ ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ ነበር። «ይጻፍ» አለ። «የሷ ይጻፍ፤ አልከለክልም። የኔም ይጻፍ። አባባ የታመመባቸው ሌሊቶች፣ ባጃጁን አቁሜ ሥራ የፈታሁባቸው ቀኖች፣ እነዚያም ገንዘብ ናቸው።»

እኅቱ «ልክ ነው» አለች፤ በዚያ ሳሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱ ጋር ተስማማች። ሽማግሌዎቹ ለመጪው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀጠሮ ሰጡ። እሱ የአባቱን የሆስፒታል ካርዶችና የመድኃኒት ደረሰኞች፣ እሷ የባንክ ወረቀቶቿን፣ እናት ደግሞ ካርታውን ይዘው እንዲመጡ ተነገራቸው፤ አራቱን ምስክሮች ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይጠራሉ።